ለመድኃኒቱ የተጠረገ ቦታ

ዶክተር ሞዲሳ ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ የአክስቱን ፍሪጅ ሲከፍት መካከለኛው መደርደሪያ ባዶ ነበር። ባዶ ብቻ ቢሆን ባልገረመው፤ ፕሪቶሪያ ዳር ባለችው ማቦፓኔ በወር መጨረሻ ባዶ ፍሪጅ ዜና አይደለም። ይሄኛው ግን ተጠርጎ፣ በኮምጣጤ ተወልውሎ፣ ዳር ዳሩ ዳንቴል የሆነ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎበታል፤ በጨርቁ መሐል አንዲት የስኒ ማስቀመጫ ሰሃን ብቻዋን ተቀምጣለች። የቤቱ ምግብ ሁሉ ተገፍቶ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ተፋፍጓል፦ የትናንቱ ጨጓራ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ፣ በዘይትና በቅመም የተዘፈዘፈው የማንጎ አቻር፣ ቁራጭ አይብ፣ የዝንጅብል መጠጡ፣ ክዳኑ የማይገጥም የማርጋሪን ዕቃ። ሰው የሚበላው በሙሉ ለአንዲት ባዶ ሰሃን ወንበር ለቋል። ሞዲሳ ጠጥቶ ሲያበቃ ጠርሙሱን ነጩ ጨርቅ ላይ ሊያስቀምጥ እጁን ሲዘረጋ የአክስቱ ልጅ ኬኔይልዌ ከምድጃው አጠገብ ጮኸችበት።

«ኧረ እዚያ እንዳታስቀምጥ! የመድኃኒትህ ቦታ ነው።»

«የምን መድኃኒቴ?»

«የራዲዮው ነዋ። እማዬ ‹እንዲህ ያለ ነገር ቅዝቃዜ ይወዳል› ብላ ቅዳሜን ሙሉ ስትጠርግ ዋለች። የኔን እርጎ ሳይቀር አስወጣችው፤ ያው ተበላሸ።»

ሞዲሳ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ይሄ ማክሰኞ ደግሞ የአክስቱ የኬሞ ቀን ነው። አክስቱ ግን ጓሮ ውስጥ ልብስ እያሰጡ በአጥሩ ላይ ከጎረቤት ጋር ስለ ዶሮ ዋጋ ሲያወሩ ይሰማል።

«ሆስፒታል አልሄዱም እንዴ?»

ኬኔይልዌ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች። «አንተ ነህ እኔን የምትጠይቀኝ? ያለፈውንም ዙር አልሄደችም። ‹የወንድሜ ልጅ የራሱን ሊያመጣልኝ፣ በሰው መድኃኒት ደሜን አላቆሽሽም› አለች። እኔ ደግሞ የተነጋገራችሁ መስሎኝ። ዛሬ ከቀረች ከወረፋው ያወጧታል። ሲስተሯ ትናንት ደውላ ‹እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃታለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ነው የምትጀምረው› ብላለች።»

እውነቱን ለመናገር ሞዲሳ በዚያ ጠዋት የመጣው የአክስቱን ጤንነት ሊጠይቅ አልነበረም። በብብቱ ጋዜጣ ይዟል፤ በጋዜጣው ላይ ጽሑፉና ጉርድ ፎቶግራፉ ወጥቷል፤ የመጣው ሊደነቅ ነው። ፕሪቶሪያ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የናኖ ሕክምና ተመራማሪ ነው፤ ከተማው የሚያውቀው ግን በምርምሩ ሳይሆን በምላሱ ነው። የጤና ሚኒስትሩን፣ የመድኃኒት ነጋዴዎችን፣ የገዛ ዲኑን፣ አንድ ጊዜም በስህተት የራሱን ደጋፊ በጋዜጣ ላይ ልክ ልካቸውን ነግሯቸዋል። ጥላው የሄደችው ሚስቱ «ሞዲሳ ሰው ሲናገር አይሰማም፤ ተራው እስኪደርስ ነው የሚጠብቀው» ትል ነበር። እሱም ለዚህ ረጅም የጽሑፍ መልስ ልኮላታል።

ራዲዮ ላይ የሆነው ይህ ነው። አዘጋጁ «ሥራህን ለእናቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳልኝ» አለው። ሞዲሳም ማይክሮፎን ሲያይ እንደ ሁልጊዜው ደሙ ሞቀ። ካንሰር ኩይሳ ነው አለ። ሆስፒታል የሚሰጣችሁ ኬሞ አካፋ ነው፤ ኩይሳውን ይንዳል፣ ምስጡን ይፈጃል፣ እናንተም ዳናችሁ ተብላችሁ ትሸኛላችሁ። ከሥር ግን ንግሥቲቱ አለች። ዘገምተኛ ናት፤ አካፋው እስኪያልፍ ታንቀላፋለች፤ ሁሉም ሰው ሲሄድ ተነሥታ ኩይሳውን እንደገና ትሠራዋለች። ሐኪሞች የካንሰር ግንደ ሕዋስ የሚሏት እሷን ነው። እኔና ባልደረቦቼ ከፀጉር ውፍረት በብዙ መቶ እጥፍ የምታንስ የስብ ጠብታ ሠርተናል፤ መርዙ በሆዷ ነው፣ በቆዳዋ ላይ የንግሥቲቱ አድራሻ ተለጥፏል፤ ሌላውን ቤት ሁሉ አልፋ የእሷን በር ብቻ ታንኳኳለች። በመጨረሻም «እስቲ ንገሩኝ» ብሎ ጮኸ፣ «ኩይሳ በአካፋ ሲያልቅ ያየ ማነው?» የጣቢያው ስልኮች ተጨናነቁ። አንዲት ሴት ደውላ አለቀሰች። ሞዲሳ ወደ ቤቱ ሲነዳ የገዛ ድምፁን በስልኩ መልሶ ሰማው፤ ሲደርስም አልበቃውም።

የተናገረው ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር እንጂ። ያልተናገረው ግማሽ፣ ጠብታዋ እስካሁን የገባችው በአይጥ ደም ሥር ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ከአይጦቹም ጠብታዋን ብቻዋን የወሰዱት ሞተዋል፤ ንግሥቲቱ ብትገደልም ቀድሞ የተሠራው ኩይሳ ለብቻው ቤቱን ለመጣል በቂ ነበርና። የተረፉት አካፋውንም ጠብታዋንም አንድ ላይ ያገኙት ናቸው፤ እነሱም ሁሉም አይደሉም። ይህንን ራሱ በግልጽ ጽፎታል፤ በእንግሊዝኛ፣ አክስቱ በማያነቡት መጽሔት ላይ።

ሞዲሳ ሲናደድ ጥፋተኛ ፍለጋ የሚጀምረው ከላይ ነው። ጠርሙሱን እንደጨበጠ ከሚኒስትሩ ጀመረ፤ ሕዝቡን ስለ በሽታው ያላስተማረ እሱ ነው። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ወረደ፤ በሽተኛ ከቀጠሮው ሲቀር ስልክ ከመደወል በቀር ምን አደረጉ? ከዚያ የራዲዮውን አዘጋጅ ያዘ፤ «ለእናቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ» ማለት ምን ማለት ነው? ቀጥሎ ኬኔይልዌን አየ፤ እሷም በማማሰያዋ መለሰችለት። ከዚህ በኋላ የቀረ ሰው ፈልጎ አጣ። ፍሪጁን ሲዘጋው በሩ ላይ የራሱ ፊት ጎብጦና አፉ ሰፍቶ ታየው፤ ጋዜጣው ላይ ካለው ፎቶግራፍ ይልቅ ይሄኛው እሱን ይመስላል።

«አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ወደ ጓሮ ሲራመድ ኬኔይልዌ መንገዱን ዘጋችበት።

«አብደሃል? ብቻህን? በየትኛው አፍህ?»

እውነቷን ነው። በእነሱ ዘንድ የአባት እህት ሴት የሆነች አባት ናት። የወንድሟ ልጅ ዶክተርም ይሁን ጳጳስ ፊቷ ቆሞ «ተሳስተሻል» አይላትም፤ ቃሉን በእኩያዋ በኩል ይልካል፣ መልሱንም በዚያው ይቀበላል፤ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ቢቀመጡም እንኳ። አክስት ማፑላ ደግሞ ይህን ሕግ ከሌላው ሰው ሁሉ አጥብቀው የያዙ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ትኬት የሌለውን ተሳፋሪ ገና ሲሳፈር ከትከሻው ያውቁታል ይባላል። በቤተሰቡ ውስጥ የዓመቱ የመጀመሪያ ሐብሐብ ሲቆረጥም ከእሳቸው በፊት የሚቀምስ የለም፤ ታላቅ ይነክሳል፣ ታናሽ ይከተላል። ሞዲሳ በልጅነቱ ከቤት ጀርባ ተደብቆ ቀድሞ በልቶ የተገረፈበትን ቀበቶ እስከ ዛሬ ያውቀዋል። ባለፈው የገና በዓል ታዲያ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ፣ ከሁለተኛው ቢራ በኋላ፣ ተነሥቶ «መድኃኒቴ ሲደርስ ከአክስቴ በፊት ማንም አይቀምሰውም!» ብሎ ነበር። ሁሉም አጨበጨበለት። ከዚያ ራዲዮው መጣ። አክስቱ ሐብሐቡ የበሰለ መስሏቸው፣ እንደ ሥርዓቱ አፋቸውን ንጹሕ አድርገው እየጠበቁ ነው።

የአክስት ማፑላ እኩያ የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድማቸው አጎት ቲሮ። አጎት ቲሮ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ውሎአቸው መኪና ማጠቢያው ነው። መኪና የላቸውም። የቢራ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠው የሰው መኪና ሲታጠብ ያያሉ፣ ጎማው ላይ ጭቃ ከቀረ ይናገራሉ። ሞዲሳ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ጮኸ።

«አጎቴ፣ ይነሡ! አስቸኳይ ነው!»

«ሰላምታ የለም?»

«ጊዜ የለኝም፤ የአክስቴ ሕይወት ነው!»

«ሕይወቱ ካለ ሰላምታው ይቀድማል። እንዴት አደርክ ልበልህ፣ ደህና በል።»

«ደህና!»

«አትጩህብኝ፤ ሚኒስትር አይደለሁም።»

ጉዳዩን ሲሰሙ ግን አጎት ቲሮ ተነሡ፤ ሱሪያቸውን አራገፉ፤ መልእክተኛ በደረቅ አፍንጫ አይሄድምና የሚሳብ ትምባሆ እንዲገዛላቸው ጠየቁ። ማዶ ያለችው ባለሱቅ ትንሿን ቆርቆሮ ሃያ አራት ራንድ አለችው። ባለፈው ወር ሃያ አልነበረም? ነበር። ታዲያ ምን ተገኘ? ሞዲሳ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስለ ትምባሆ ቀረጥ፣ ስለ አከፋፋዮቹ ሽርክናና ስለ ድሃው ሕዝብ አፍንጫ መናገር ጀመረ፤ ሁለት ደንበኞችም ቆመው ያዳምጡት ነበር። አጎት ቲሮ በኮሌታው ይዘው አወጡት። «ልጄ፣ እህቴ ትሙትና ስትጨርስ ንገረኝ» አሉት። ሞዲሳ ሃያ አራቱን ራንድ ከፍሎ ተከተላቸው።

የአክስት ማፑላ ሳሎን የእንግዳ ክፍል ነው፤ ሶፋዎቹ ከተገዙበት ላስቲክ አልወጡም፤ ሰው ሲቀመጥባቸው ይንኮሻኮሻሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት የሸክላ ውሾች አሉ። ግድግዳው ላይ የሟች ባላቸው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከአጠገቡ በእጥፍ የሚበልጥ የሞዲሳ የምረቃ ፎቶግራፍ፣ ጥቁር ካባ፣ ቀይ ሪባን፣ የተነፋ ደረት። አክስቱ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው ከፎቶግራፉ ሥር ተቀመጡ። ክንዳቸው ቀጥኗል፤ መርፌው የገባበት ደም ሥር እንደ ጠቆረ ክር ከቆዳቸው ሥር ይታያል። ሞዲሳ ከፊታቸው፣ አጎት ቲሮ መሐል ላይ። ሰዓቱ አራት ተኩል አልፏል።

«መድኃኒቱ አልደረሰም በሏቸው» አለ ሞዲሳ።

አጎት ቲሮ ትምባሆውን ሳቡ፣ አስነጠሱ፣ ወደ እህታቸው ዞሩ። «ማፑላ፣ ልጁ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ነው ይላል።»

«እንደዚያ አላልኩም!»

«ዝም በል አንተ። ቃል ራቁቱን አይላክም፤ ልብስ እያለበስኩልህ ነው።»

«መንገድ ላይ ከሆነ እጠብቃለሁ በለው» አሉ አክስቱ ሸክላ ውሾቹን እያዩ።

«ትጠብቃለች።»

«ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም! ለሰው ለመድረስ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል፣ ምናልባትም ከነጭራሹ ላይደርስ ይችላል በሏቸው።»

አጎት ቲሮ አሰቡ። «መንገዱ ትንሽ ረዘም ይላል ይላል።»

«የአውቶቡስ መዘግየት ለእኔ አዲስ አይደለም በለው።»

ሞዲሳ በሕይወቱ ብዙ ክርክር አሸንፏል፤ እንዲህ ያለ ክርክር ግን ገጥሞት አያውቅም። እያንዳንዱ እውነት በአጎቱ አፍ በኩል ሲያልፍ ካፖርትና ባርኔጣ ለብሶ ነው የሚወጣው። ሊያብራራ ሞከረ፤ አጎት ቲሮ ማብራሪያውን ወደ ምርቃት ቀየሩት። አኃዝ ጠቀሰ፤ አጎት ቲሮ «በቃ ብዙ ነው ይላል» አሉ። የሸክላ ውሾቹ ሳይቀሩ የሚያፌዙበት መሰለው። በመጨረሻ ላስቲኩን እያንኮሻኮሸ ብድግ አለና ሕጉን ሁሉ ጥሶ አክስቱ ላይ ጮኸ።

«አይጥ! ያዳንኩት አይጥ ነው! ሰው አይደለም፣ ጦጣ እንኳ አይደለም፣ አይጥ! ጅራታም ነጭ አይጥ! እዚህ ግድግዳ ላይ ካባ ለብሶ የተገተረው ሰውዬ የአይጥ ሐኪም ነው! እነሱንም ቢሆን ስንቱን ቀብሬያለሁ! የተረፉትን ያተረፋቸው ያ የሰደብኩት አካፋ ነው፣ አክስቴ። ያለ እሱ የኔ ጠብታ ምንም ናት። ምንም!»

በኩሽና ውስጥ ማማሰያው ቆመ። አጎት ቲሮ አፍንጫቸውን እንደያዙ ቀሩ። አክስት ማፑላ ቀስ ብለው አንገታቸውን አዞሩና የወንድማቸውን ልጅ በቀጥታ፣ በማንም በኩል ሳይሆን፣ ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ቆይ» አሉ። «አይጦቹ ቀምሰውታል?»

«አዎ።»

«ከእኔ በፊት?»

ሞዲሳ በዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ብዙ ከባድ ጥያቄ ቀርቦለታል። እንዲህ ዓይነቱን የጠየቀው አልነበረም። «አዎ፣ አክስቴ።»

«ብዙ ሆነው?»

«ብዙ ሆነው።»

«ቲሮ፣ ትሰማለህ? የወንድሜ ልጅ አይጥ አስቀምሶ ሲያበቃ ትራፊውን ለእኔ ሊያመጣ ነበር። እኔ ደግሞ ጅሏ የሠርግ ጨርቄን አንጥፌ!»

«እኔ ይሄን ምን ላልብሰው?» አሉ አጎት ቲሮ።

«ኬኔይልዌ! ሹራቤን አምጪ። የአይጥ ትራፊ ከምጠብቅ የሆስፒታሉ ይሻለኛል። ማንም ይቀምመው ማን፣ ቢያንስ ለሰው ብሎ ነው የቀመመው።»

ኬሞውም በጊዜው በአይጥ ተሞክሮ ማለፉን ለመናገር ሞዲሳ አፉን ከፈተ። ኬኔይልዌ ከበሩ ላይ ማማሰያዋን አሳየችው። አፉን ዘጋ፤ በአዋቂነት ዘመኑ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

አጎት ቲሮ «ከዚህ በኋላ በቀጥታ ተነጋገሩ፣ የእኔ መልእክት አልቋል» ብለው ወደ መኪና ማጠቢያቸው ሄዱ። አክስትና የወንድም ልጅ መኪና ውስጥ ብቻቸውን ሆኑ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በየመስቀለኛ መንገዱ የትራፊክ መብራቱ ሞቷል፤ ሚኒባሶቹ አፍንጫቸውን እየነቀነቁ ይተላለፋሉ። ሞዲሳ ስለ መብራት ኃይሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። አክስቱ ቦርሳቸውን ታቅፈው በመስኮት ያያሉ። በመንገድ ዳር የተጠበሰ ሊጥ የምትሸጥ ሴት አለፉ፣ የመቃብር ድንጋይ በዱቤ የሚል ማስታወቂያ አለፉ። ማስታወቂያውን ሁለቱም አነበቡት።

«መድኃኒትህ ትኬት እንደሌለው ገና ራዲዮው ሳይዘጋ አውቄ ነበር» አሉ አክስት ማፑላ ድንገት።

«ምን አሉ?»

«ዕድሜ ልኬን ምን ስሠራ ኖርኩ? ትኬት ያለው ሰው እንደዚያ አይጮህም። ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

«ታዲያ ፍሪጁን ለምን ጠረጉ?»

አክስቱ የቦርሳቸውን ዚፕ ከፍተው መልሰው ዘጉት። «ያ ቀዩ መድኃኒት ሲገባብኝ አፌ ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል። ውኃው ሳንቲም፣ ዳቦው ሳንቲም። ኬኔይልዌ እኔ ያስመለስኩትን ስታጥብ ግድግዳው ስስ ነው፣ ስትነጫነጭ እሰማታለሁ፤ ልጄ ናት፣ አልፈርድባትም። ደከመኝ ብል ሁላችሁም ‹አይዞሽ፣ ጠንክሪ› ነው የምትሉኝ። አንተ ግን በዚያ ቆንጆ አፍህ አካፋው ከንቱ ነው አልክ። ምክንያት አገኘሁ። እኔ ደከመኝ አላልኩም፤ ዶክተሩ ነው ያለው። አውቄ ተኛሁ። አውቆ የተኛን ደግሞ ቢቀሰቅሱት አይሰማም።»

ሞዲሳ ስለ ካንሰር የጻፈው ጽሑፍ ቢደረደር ፍሪጁን ይሞላል። አፍ ውስጥ ሳንቲም ሳንቲም እንደሚል ግን አያውቅም ነበር። ከኋላው ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ነፋበት፤ መንገዱ ተለቆ ቆሞ ቀርቷል። በሌላ ቀን ቢሆን ወርዶ ይሰድበው ነበር።

ሆስፒታሉ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረሱ። የኬሞው ክፍል ረጅም ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ የሚለጠጡ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ከየወንበሩ በላይ ጉሉኮስ ተንጠልጥሏል። ሰዎች ብርድ ልብስ ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል። ሲስተሯ፣ ወፈር ያለች ቀልጣፋ ሴት፣ አክስት ማፑላን ስታይ ሰዓቷን አየች፣ ክንዳቸውን ያዘች፣ አልተቆጣችም። ደም ሥር ስትፈልግ አክስቱ ጣሪያውን እያዩ ሞዲሳን በአገጫቸው አሳዩአት።

«ይሄ የወንድሜ ልጅ ነው። የአይጥ ሐኪም ነው።»

ከአጠገባቸው የተቀመጠች ሻሽ ያሰረች ሴት ቀና አለች። «የራዲዮው! ንግሥቲቱ!»

ክፍሉ ሁሉ ዞረ። ሞዲሳ በልማድ ደረቱን ሊነፋ ሲል ሲስተሯ መርፌውን በፕላስተር እያሰረች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች። «አንተ ነህ ለካ። ያንን ወንበርና ያንን ወንበር አየሃቸው? ባዶ የሆኑት ባንተ ንግሥት ነው። ‹አካፋ ነው ብሏል ዶክተሩ፣ የሱን እንጠብቃለን› ብለው ቀሩ። እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም፤ እኔ ራዲዮ ላይ አልወጣሁም።»

«እኔ እኮ ኬሞ አቁሙ አላልኩም! ያልኩት...»

«ትኬት» አሉ አክስት ማፑላ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ።

ሞዲሳ ኮሪደር ወጣ። የአዘጋጁ ስልክ አይነሣም፤ ስለዚህ እንደማንኛውም አድማጭ በጣቢያው መስመር ደወለ። ሙዚቃ አሰሙት። የዕለቱ ርዕስ የብሔራዊ ቡድኑ በረኛ ይቀየር አይቀየር ነበር። ከእሱ በፊት አንድ ሰውዬ ስለ በረኛው ጉልበት ረጅም ሐተታ ሰጠ፤ ሞዲሳም ሰው ተራውን ሲጠብቅ ምን እንደሚሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ተረዳ።

«ማን ልበል?» አለ የዕለቱ አዘጋጅ።

«ዶክተር ሞዲሳ።»

«ኦ! የኩይሳው ዶክተር! በረኛው ይቀየር ይላሉ?»

«ስለ በረኛ አላውቅም። ስለምሠራውም ባለፈው የነገርኳችሁን ያህል አላውቅም። መድኃኒቴ የተሞከረው በአይጥ ላይ ብቻ ነው። ለሰው የሚሰጥ የለም። የእኔን ብላችሁ ኬሞ ያቋረጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ። አካፋው ያስፈልጋል። እኔ ጅል...»

«ዶክተራችን ዛሬ በቀልድ ነው የመጡት!» አለ አዘጋጁ እየሳቀ፣ መስመሩም ተቋረጠ። እንደገና ደወለ። እንደገና ሙዚቃ አሰሙት። በሦስተኛው አላነሡለትም።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ የሲስተሯ ትንሽ ራዲዮ ጠረጴዛው ላይ በርቶ ነበር፤ ሁሉም ሰምተዋል። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። ሻሽ ያሰረችው ሴት አትስቅም፤ የተንጠለጠለውን መድኃኒቷን እያየች ነው። ሲስተሯ የራሷን ስልክ አወጣች፣ ከቀሩት ሁለት ታካሚዎች ለአንዷ ደወለች፣ «ሄሎ፣ እናቴ፣ ሲስተር ነኝ፣ የሚያናግርሽ ሰው አለ» ብላ ስልኩን ለሞዲሳ ዘረጋችለት። አንዲት ያረጀች ድምፅ «ማን ልበል?» አለችው። ሞዲሳ ማዕረጉን ትቶ ስሙን ብቻ ነገራት። አይጡን ነገራት። ኩይሳውን ተወው። ሴትዮዋ ሰምታ ስታበቃ «እና እስከ መቼ ልጠብቅ?» አለች። «አይጠብቁ» አላት። «አንተ ግን በራዲዮ እንደዚያ...» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው፤ በመጨረሻም «ሲስተሯን ስጠኝ» አለችው። ሁለተኛዋ ስልኳን አላነሣችም። ሲስተሯ ደገመች፣ ሠለሰች። «ማታም እሞክራታለሁ» ብላ ስልኩን ኪሷ ከተተች፤ ወደ ባዶው ወንበር ግን ሁለቱም አዩ።

ማቦፓኔ ሲመለሱ ፀሐይ ጣሪያዎቹ ላይ ዘንበል ብላ ነበር። አክስት ማፑላ መኪናው ውስጥ ሁለት ጊዜ አስመለሳቸው፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ ወደ መታጠቢያው ሮጡ። ኬኔይልዌ ብሩሹንና ባልዲውን አንሥታ ልትከተል ስትል ሞዲሳ ከእጇ ነጠቃት። «አንተ?» አለች። «እኔ» አላት። ተንበርክኮ አጠበ። አጥቦም አያውቅ፤ ሱሪው ራሰ፣ ማጽጃውን ያለ ልክ አፍስሶ ዓይኑ አነባ። ከበሩ ላይ ሆና ስታየው የቆየችው ኬኔይልዌ «ይሄንን ጋዜጣ ላይ ጻፈው እሺ» አለችው። እሱ ወዳልታጠበው ጥግ ዞረ።

ሲወጣ አክስቱ ሳሎን ውስጥ የሚንኮሻኮሸው ሶፋ ላይ ጋደም ብለዋል። ፊታቸው አመድ ለብሷል። በጣታቸው ጠሩት።

«ፍሪጁ ውስጥ ያችን ሰሃን አምጣት።»

አመጣት። ነጩ ጨርቅ ተነሥቷል፤ ጨጓራው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ኬኔይልዌም አዲስ እርጎ ገዝታ ሸክፋበታለች። ሰሃኗ ላይ ግን ከታችኛው መደርደሪያ የመጣ ቁራጭ አይብ ተቀምጧል።

«ጠቅልለው» አሉት። መጠቅለያ ሲፈልግ ጠዋት ሶፋው ላይ የጣለውን ጋዜጣ በእግራቸው ገፋ አደረጉለት። ገጹን ገለጠ፤ ፎቶግራፉ ያለበትን ነው የገለጠው፤ ጠቀለለው።

«ለታካሚዎችህ ነው። በባዶ እጅህ አትሂድባቸው።»

«አክስቴ...»

«ስማኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ስማኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ አለኝ። መጥተህ ትወስደኛለህ፤ ቲሮን አታስቸግረው። ለእነዚያ አይጦች ደግሞ አደራ፣ በደንብ አድርገህ ሥራላቸው። ሲድኑ ንገረኝ። ሁሉም ሲድኑ፣ ግማሹ አይደለም።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞዲሳ የተኙ መስሎት በእግሩ ጣት ሲራመድ ከኋላው ሰማቸው። «ሁለተኛ መሆን አይከፋኝም።»

መኪናው ውስጥ ገብቶ ጥቅሉን ጎኑ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠ። የአይቡ ቅባት ከወዲሁ በወረቀቱ አልፎ የፎቶግራፉን አፍ ማርጠብ ጀምሯል።